ግጭት በሌለበት ጠባብ መተላለፊያ ሬዚስታንሱ ከየት ይመጣል?

በ1988 ጋሊየም አርሰናይድ በተባለ ሴሚኮንዳክተር ላይ በተሠሩ የናኖ ሜትር መተላለፊያዎች የታየውን፣ ደረጃ በደረጃ የሚያድግ ኮንዳክታንስ (የሬዚስታንስ ግልባጭ) ከኤሌክትሮኖች የማለፍ ዕድል ተነስቶ በሚያሰላው በላንዳወር ቀመር ለማስላት ሞክሬ አንድ ቦታ ላይ ቆሜአለሁ። ኤሌክትሮኑ ከምንም ሳይጋጭ የሚያልፍ ከሆነ፣ ማለትም የማለፍ ዕድሉ 1 ከሆነ፣ ቀመሩ ለአንድ መስመር (ኤሌክትሮን ሊያልፍበት ለሚችል አንድ የኳንተም ሞድ) 12.9 ኪሎ ኦም ገደማ ሬዚስታንስ ይሰጠኛል፤ እኔ ግን ዜሮ ጠብቄ ነበር። ስሌቱን ሦስት ጊዜ ደግሜዋለሁ፤ የኤሌክትሮኑን ሁለት የስፒን (የውስጣዊ ሽክርክሪት) አቅጣጫዎች ድርሻም አልዘነጋሁም። ሬዚስታንሱ የሚፈጠረው ሰፊው ኤሌክትሮድ ከጠባቡ መተላለፊያ ጋር በሚገናኝበት ቦታ ነው የሚል ማብራሪያ አንብቤአለሁ፤ ይሁንና መተላለፊያው ውስጥ ግጭት ከሌለ ሙቀቱ የት እንደሚወጣ፣ ጅረቱ በሁለት ነጥቦች እየገባና እየወጣ ቮልቴጁ በሌሎች ሁለት ነጥቦች በሚለካበት፣ እንከን በሌለው የአራት ነጥብ ልኬትስ ይኸው ሬዚስታንስ ለምን እንደሚጠፋ አልገባኝም። በሂሳቡ ብቻ ሳይሆን በፊዚካዊ ትርጉሙ ሊያስረዳኝ የሚችል ሰው ካለ እንዲረዳኝ በትሕትና እጠይቃለሁ።