ባብል ሲፓፕ፦ አረፋው ቢቋረጥም ሳቹሬሽን 98 ከሆነ ምን ይደረግ?

ጥያቄ (የሕፃናት ሕክምና ሬዚደንት)
ሰላም ለሁላችሁ። ባብል ሲፓፕ ላይ ያለ (በአፍንጫ የማያቋርጥ የአየር ግፊት የሚሰጥ፣ የመውጫ ቱቦው ጫፍ ውሃ ውስጥ ሆኖ አረፋ የሚያወጣ መሣሪያ)፣ በ30 ሳምንት የተወለደ፣ 1.2 ኪሎ የሚመዝን፣ ሁለተኛ ቀኑን የያዘ ሕፃን ነው። ግፊት 6 ሴ.ሜ. ውሃ፣ ፍሰት በደቂቃ 6 ሊትር፣ ኦክስጅን 40%፣ ሳቹሬሽን (የደም ኦክስጅን ሙሌት) 98%። አረፋው ይመጣል፣ ይቋረጣል። ፍሰቱን ልጨምር?

መልስ (የጨቅላ ሕፃናት ክፍል ነርስ)
ዶክተር፣ ፍሰቱን ከመጨመርዎ በፊት ፕሮንጉን (አፍንጫ ውስጥ የሚገቡትን አጫጭር ቱቦዎች) ከአፍንጫው አውጥተው የፕሮንጉን ቀዳዳዎች በጓንት ጣት ይድፈኑ። አረፋው ከተመለሰ መስመሩ ደህና ነው፤ አየሩ የሚያመልጠው በአፍንጫው ዙሪያ ወይም በተከፈተ አፉ ነው። ካልተመለሰ መጋጠሚያዎቹንና የእርጥበት መስጫውን ክዳን ይፈትሹ።

ብዙ ጊዜ ጥፋቱ የፕሮንጉ ማነስ ነው። እንዳይጎዳው ተብሎ ትንሹ ይመረጣል፤ አየር ሲያፈስ ደግሞ ወደ ውስጥ ይገፋና የአፍንጫውን መሃል ግድግዳ ያቆስላል። ቀዳዳውን ይሙላ፣ ቆዳውን ግን አያንጣው፤ ከግድግዳው 2 ሚ.ሜ. ያህል ይራቅ።

አረፋ ስላለም አይዘናጉ። አፍንጫው በንፍጥ ከተደፈነ ጠርሙሱ እየተንፈቀፈቀ ሳንባው ምንም ግፊት አያገኝም። በመውጫው ቱቦ ውሃ ከተጠራቀመ ደግሞ ግፊቱ ከ6 በላይ ይሆናል፤ በየጊዜው ይፍሰስ። ሆዱ እንዳይነፋ የጨጓራ ቱቦው ክፍት ይሁን።

መልስ (የጨቅላ ሕፃናት ስፔሻሊስት)
በነርሷ ሐሳብ እስማማለሁ። እኔን ይበልጥ ያሳሰበኝ ግን በ40% ላይ 98 መሆኑ ነው። ኦክስጅን እየወሰደ ከሆነ ግቡ ከ90 እስከ 95 ነው። ትርፍ ኦክስጅን ገና እያደገ ያለውን የሬቲና (ብርሃን የሚቀበለው የዓይን ውስጠኛ ሽፋን) ደም ሥር ያስቆማል፤ በኋላ የሚበቅለው የተዛባ ይሆናል። አየር የሚያፈሰውን ዘግተህ ኦክስጅኑን በ2 እስከ 5 ከመቶ እየቀነስክ ተከታተል። ብሌንደር (የአየርና የኦክስጅን መቀላቀያ) ከሌለ 5 ሊትር አየርና 1 ሊትር ኦክስጅን ሲቀላቀሉ 34% ገደማ ይሰጣሉ።

የአየር ፍሳሹ ተዘግቶ፣ ግፊቱ 6 ሆኖ ኦክስጅኑ ከ30% በታች መውረድ ካቃተው ሰርፋክታንት (የሳንባ ከረጢቶች እንዳይጣበቁ የሚያደርግ መድኃኒት) ሳይዘገይ ይታሰብ። ካፌይን ሲትሬት (ትንፋሽን የሚያነቃቃ መድኃኒት) ካልጀመረ የመጀመሪያው መጠን 20 ሚ.ግ. በኪሎ ነው፣ ለእሱ 24 ሚ.ግ.። የዓይን ምርመራው በተወለደ በ4ኛው ሳምንት ይያዝለት።

ጠያቂው
ቀዳዳው ሲደፈን አረፋው ተመልሷል፤ ፕሮንጉ ተለቅ ባለው ተቀይሮ አሁን 28% ላይ 93 ነው። ይህ ለመመረቂያ ጥናት ይሆናል?

መልስ (ስፔሻሊስቱ)
በደንብ ይሆናል። የሞት መጠንን አትያዝ፣ የናሙናው ብዛት አይበቃህም። ኦክስጅን ላይ ያሉ ሕፃናት ሳቹሬሽናቸው ከ95 በላይ የሆነበትን የጊዜ ድርሻ ለካ። በየሰዓቱ የኦክስጅን መቶኛ፣ ሳቹሬሽን፣ የፕሮንግ ቁጥርና የአፍንጫው ቆዳ ሁኔታ አብረው ይመዝገቡ። በ21% (በተራ አየር) ላይ ያሉትን ለይተህ አውጣ፤ እነሱ 99 ቢሆኑ ችግር የለውም፣ ከቀላቀልካቸው ግን ውጤቱ ይበላሻል።