ሶዲየም ሃይድሮክሳይዴ ለምን 0.1 ሞላር አልሆነም?

ጠያቂ፦ ሰላም ለሁላችሁ። 4 ግራም ሶዲየም ሃይድሮክሳይድ መዝኜ በተጣራ ውሃ 1 ሊትር ሞላሁት። 0.1 ሞላር (በአንድ ሊትር 0.1 ሞል) መሆን ነበረበት። በታይትሬሽን (መጠኑ ከታወቀ አሲድ ጋር በማዋሃድ ጥንካሬውን ስንለካ) ስናየው ግን ዝቅ ይላል። ሚዛኑ ደህና ነው። ችግሩ ምኑ ላይ ነው?

የላብ ቴክኒሻን፦ የሶዲየም ሃይድሮክሳይዱ እንክብል ላይ ነው ወንድሜ። ክዳኑን ከፍተህ ትንሽ ብትተወው ላዩ ሲወዛ ታየዋለህ። ከአየር ላይ እርጥበት ይስባል። ካርቦን ዳይኦክሳይድም ስለሚወስድ ከፊሉ ሶዲየም ካርቦኔት ይሆናል። ስለዚህ የመዘንከው ሁሉ ሶዲየም ሃይድሮክሳይድ አይደለም። ተማሪዎቼን ሁሌ የምላቸው፣ በግምት አዘጋጁና በኬኤችፒ (ፖታሲየም ሃይድሮጅን ፍታሌት፣ በትክክል የሚመዘን ጠጣር አሲድ) አረጋግጡ ነው። ደረቅ ኬኤችፒ 0.5 ግራም ገደማ በትክክል መዝነህ በውሃ አሟሟው። ሁለት ጠብታ ፌኖልፍታሊን (ቤዝ ሲበዛ ሮዝ የሚሆን አመልካች) ጨምር። ሶዲየም ሃይድሮክሳይዱን ከቢዩሬቱ (ልኬት ከተጻፈበት ባለ መክፈቻ ቱቦ) ቀስ እያልክ ልቀቅ፣ መጨረሻ ላይ ጠብታ በጠብታ። ፈዛዛ ሮዝ መጥቶ 30 ሰከንድ ከቆየ በቃ፣ 24.5 ሚሊ ሊትር አካባቢ ነው። ከደመቀ አልፏል፣ ድገመው። ውሃው ውስጥ ያለው ካርቦን ዳይኦክሳይድ እንዲወጣም ቀድመህ አፍልተህ አቀዝቅዘው።

ሌላ ተማሪ፦ ኬኤችፒ ላባችን ውስጥ የለም። ኦክሳሊክ አሲድ ይሆናል? ጠርሙሱስ?

የላብ ቴክኒሻን፦ ይሆናል። ግን አንድ ሞል ኦክሳሊክ አሲድ ሁለት ሞል ቤዝ እንደሚፈልግ ስሌቱ ላይ አትርሺ። ጠርሙሱ ፕላስቲክ ይሁን። ቤዙ መስታወት ቀስ በቀስ ይበላል፣ የመስታወት ክዳንም ተጣብቆ አልከፈት ይላል። ደግሞ እባካችሁ፣ ያለ መነጽርና ጓንት አትንኩት። ሁልጊዜ እንክብሉን ወደ ውሃው በጥቂት በጥቂቱ ጨምሩ፤ በኃይል ይሞቃል።

ጠያቂ፦ እግዜር ይስጥልኝ። ነገ በኬኤችፒ እሞክረዋለሁ።