ኤሮ ባር በሃይብሪድ (የአስፋልትና የተራራ ቅይጥ) ብስክሌት ላይ እንዴት ልግጠም?

ጤና ይስጥልኝ ወገኖቼ። እዚህ አሜሪካ፣ ቨርጂኒያ ውስጥ ከአርሊንግተን ወደ ፐርሰልቪል በሚወስደው 72 ኪሎ ሜትር የብስክሌት መንገድ ላይ የፊት ነፋስ ጉልበቴን ይጨርሰዋል፤ ክርኔን አሳርፌ ጎንበስ ብዬ ለመንዳት ኤሮ ባር፣ ማለትም መሪው ላይ የሚታሰር የክርን ማሳረፊያ ያለው ወደ ፊት የሚዘረጋ እጀታ፣ ገዛሁ። ማሰሪያው የተሠራው ለ31.8 ሚሊ ሜትር ነው። የእኔ ቀጥ ያለ መሪ ግን ያን ያህል የሚወፍረው መሃሉ ላይ ብቻ ነው፤ ወደ እጀታው ሲሄድ ቀጥኖ 22.2 ይደርሳል። መሃል ላይ ሳስረው የክርን ማሳረፊያዎቹ ተጠጋግተው ደረቴን ያጣብቡታል፤ ወደ ዳር ገፋ ሳደርገው ደግሞ ብሎኑ ቢጠብቅም ይዞራል።

ክፍተቱን በቀለበት መሙላት ክብደቴን ይችላል ወይስ መሪውን ልቀይር? ኮርቻውንስ ወደ ፊት ላምጣው? ከሁሉ በላይ የሚያሳስበኝ ፍሬኑ ነው፤ እጄ ከፊት ሲሆን አይደርስበትም፣ በመንገዱ ላይ ደግሞ ሕፃናት ይሮጣሉ። የሞከራችሁ እባካችሁ ምከሩኝ።