ያልተከለለው የዕጣን ደናችን፦ ለወረዳው የሚቀርብ የጋራ ሐሳብ (ከማኅበራችን የጽሑፍ ውይይት)

ጸሐፊ፦ ረቂቁ ተዘጋጅቷል። መተማ ውስጥ ዕጣን የምናመርትበት ደን በደን አዋጅ ቁጥር 1065/2010 መሠረት የማኅበር ደን ሆኖ እንዲከለልልን፣ ለሰሊጥ እርሻ መመንጠሩ እንዲቆም፣ ዕጣን ለማውጣት በአንድ ዛፍ ቅርፊት ላይም ከስድስት ብጣት በላይ እንዳይፈቀድ እንጠይቃለን። ድንበሩ ላይ ያሉ ዛፎች ቀይ ቀለም ይቀባሉ።

የምሥራቅ ቡድን ተወካይ፦ ቀይ ቀለም አልቀበልም። በ1996 ለሠፈራ መሬት ሲለካ በእኛ በኩል ቀይ የተቀባው ዛፍ ሁሉ ዓመት ሳይሞላው ተቆርጧል። ዛሬም ያንን ምልክት ያየ ሰው ለእርሻ የተሰጠ መስሎት ምሳር ይዞ ይገባል።

ገንዘብ ያዥ፦ ቀለሙ በአባላት መዋጮ ተገዝቶ መጋዘን ገብቷል። ጋሼ፣ ሌላ ቀለም ከፈለጉ ከኪስዎ ይግዙ።

የምሥራቅ ቡድን ተወካይ፦ ሳታማክረን ገዝተህ እኔን ክፈል ትለኛለህ? እንዲህ ከሆነ ቡድናችን አይፈርምም።

የምዕራብ ቡድን ተወካይ፦ ነጭ ይሁን።

ገንዘብ ያዥ፦ ኖራ በአንድ ክረምት ታጥቦ ይሄዳል፤ የዘይቱ ነጭ ደግሞ ሌላ ወጪ ነው።

የቁጥጥር ኮሚቴ አባል፦ ስለ ቀለም ስንከራከር ሦስት ቀን አለፈ። ትናንት ከወንዙ ማዶ በአንድ ዋልያ መቀር (የዕጣን ዛፍ) ላይ አሥራ ስምንት ብጣት ቆጥሬአለሁ፤ መንጋፉ (መብጫው መሣሪያ) ቅርፊቱን አልፎ እንጨቱ ድረስ ገብቷል፣ ጥንዚዛ የቦረቦረው ዱቄትም ከግንዱ ሥር ተከምሯል። በ2011 የወጣው ጥናት በአብዛኛው የዕጣን ደን ለአሥርተ ዓመታት ተተኪ ዛፍ እንዳላደገና ምርቱም በሃያ ዓመት ውስጥ በግማሽ እንደሚቀንስ አመልክቷል። ችግኙ መብቀሉን ይበቅላል፤ ከብትና እሳት ግን ከፍ እንዲል አይፈቅዱለትም። ስለዚህ የከብቱንና የእሳቱን ነገር ረቂቁ ውስጥ አስገቡልን።

አባል፦ ስድስት ብጣት ብቻ ከተባለ የእኔ ድርሻ ለግንቦት ቀለብ አይደርስም። ይህ አንቀጽ ካልወጣ አልፈርምም።

ገንዘብ ያዥ፦ ጋሼ፣ ትናንት የጻፍሁት በንዴት ነበርና ይቅርታ አድርጉልኝ። ድንበሩን በድንጋይ ክምር ብናመለክትስ? ድንጋይ ወጪ የለውም።

የምሥራቅ ቡድን ተወካይ፦ በድንጋዩ እስማማለሁ። ክምሩን ግን ማን ይጠብቀዋል? እረኛ በአንድ ሌሊት ያፈርሰዋል።

የምዕራብ ቡድን ተወካይ፦ ጠባቂ ያስፈልጋል፤ ደመወዙን ወረዳው ይክፈል።

ጸሐፊ፦ ድንበሩን በጂፒኤስ እለካለሁ ያለው አባል ከማክሰኞ ጀምሮ ስልክ አያነሳም፤ ስለዚህ ካርታ አይያያዝም። በተሻሻለው ረቂቅ የድንጋይ ክምርና የሁለት ጠባቂዎች ደመወዝ ቀዳሚ ጥያቄ ሆነዋል፤ ምንጣሮው ከእነርሱ ቀጥሎ ተጽፏል፤ የስድስቱ ብጣት አንቀጽ ለመጪው ዓመት ተላልፏል።

የቁጥጥር ኮሚቴ አባል፦ ከብቱና እሳቱስ?

ገንዘብ ያዥ፦ ቀዩን ቀለም ሻጩ እንዲመልስልን ነገ እጠይቃለሁ። ደረሰኙ ማን ዘንድ ነው?