ያኔ «ወንድሜ ነህ» ያልኩትን ጓደኛዬን አሁን ወደድኩት፤ ምን ላድርግ?

ጠያቂዋ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ባሕር ዳር ፔዳ ግቢ አብረን ተማርን። ፈተና ሲደርስ ላይብረሪ አብረን እናመሻለን፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ጣና ዳር ወክ እናደርጋለን። 3ኛ ዓመት ላይ እንደሚወደኝ ነገረኝ። «እንደ ወንድሜ ነው የማይህ» አልኩት። ከተመረቅን በኋላ እየተራራቅን ሄድን፤ እኔም ዱባይ 5 ዓመት ሠርቼ ከተመለስኩ 4 ወሬ ነው። አዲስ አበባ ተገናኘን። ያኔ ስልኩን ሳላነሳ ከቀረሁ ሳምንት የሚያኮርፍ ልጅ ነበር፤ አሁን እናቱን የሚያስታምም፣ ሰው ሲያወራ እስኪጨርስ የሚያዳምጥ ሰው ሆኗል። እኔም ብሆን ብቻዬን ሰው አገር ኖሬ ያቺ ልጅ አይደለሁም። አሁን ሲደውል ልቤ ይደነግጣል። ፍቅር ነው ወይስ የስደት መልስ ብቸኝነት? ብነግረው ጓደኝነቱንም ባጣውስ?

የቡና ሰዓት፦
እህቴ፣ መጀመሪያ ሌላ ሰው ይዞ እንደሆነ እወቂ። በጓደኛ አታስጠይቂ፣ ወሬው ቀድሞሽ ይደርሳል፤ ራሱን ጠይቂው። ብቸኝነት ከሆነ ማንም ቢደውል ደስ ይልሻል። ቤቱ በዘመድ ሞልቶ እያለ ዓይንሽ በር በሩን የሚያየው ለሱ ከሆነ ግን ሌላ ነገር ነው።

በሱ ቦታ የነበርኩ፦
«ወንድሜ» የተባለ ወንድ ቃሉን አይረሳም። እኔ ሁለተኛ ላልጠይቃት ለራሴ ምዬ ነበር፤ እሷ ባትናገር ኖሮ ዛሬም ዝም እንዳልኩ ነበርኩ። ዛሬ ባለቤቴ ናት። ስለዚህ በቴሌግራም ስቲከር ፍንጭ አትስጪው። ቁጭ ብላችሁ «ያኔ ያልኩህ የልቤን ነበር፤ አሁን ልቤ ተለውጧል» በይው። ወዲያው መልስ አትጠብቂ። እምቢ የማለት መብት ያኔ የአንቺ ነበር፣ አሁን የሱም ነው።

አንባቢው፦
በ2021 እ.ኤ.አ. የካናዳ ተመራማሪዎች ባወጡት ጥናት 1,900 ከሚጠጉ ሰዎች ሁለት ሦስተኛው የፍቅር ግንኙነታቸው ከጓደኝነት እንደጀመረ ተናግረዋል። የተጠየቁት የኛ አገር ሰዎች ባይሆኑም ያንቺ ነገር እንግዳ አይደለም። እኔን የሚያሳስበኝ፣ ያላየሽውን 5 ዓመት በግቢ ትዝታ እየሞላሽው እንዳይሆን ነው። ያኔ የምታውቂው ልጅ ኪራይ አይከፍልም፣ አለቃም አልነበረውም። ደመወዙ ሲያልቅ፣ ሲናደድ፣ ሰው ሲያስቀይመው ምን እንደሚሆን ጥቂት ወራት እይው።

የሦስት ልጆች እናት፦
ልጄ፣ ሽማግሌ ምናምን የሚባለው ይቆያል። አንድ ነገር ግን አደራ፦ ዱባይ ለፍተሽ ያጠራቀምሽውን ብር ከዚህ ነገር ጋር አታደባልቂ። ጥሩ ልጅ ቢሆን እንኳን፣ ነገራችሁ ሳይለይ «አብረን እንሥራበት» ከተባለ ነገ ፍቅሩንም ብሩንም መለየት ያቅታችኋል። ይህን ያየሁት በገዛ እህቴ ነው።

ጠያቂዋ፦
ሁላችሁንም እግዜር ይስጥልኝ። ዛሬ ደፍሬ ጠየቅሁት፤ የያዘው ሰው የለም። «ለምን ጠየቅሽኝ?» አለኝ። ቅዳሜ ቡና አፍልቼ እነግርሃለሁ አልኩት።