እህቴ 8ኛን አለፈች፣ ሃይስኩሉ ግን ሩቅ ነው፣ ምን ላድርግ?

ጥያቄ (ታላቅ እህቷ)፦
ሰላም ቤተሰብ እባካችሁ ምክር ስጡኝ። እኔ አዲስ አበባ ሱቅ ነው የምሰራው፣ ታናሽ እህቴ ጉራጌ ዞን ገጠር ከቤተሰብ ጋር ናት፣ ዘንድሮ የ8ኛ ሚኒስትሪ በጥሩ ውጤት አለፈች። 9ኛ ለመማር ግን ወረዳ ከተማ መከራየት አለባት፣ በእግር የሶስት ሰአት መንገድ ነው። አባባን ሳናግረው «ትምህርቱ ነፃ ነው ትላላችሁ፣ ኪራዩስ? ስንቁስ?» አለኝ፣ እውነቱን ነው። ደሞ ሽማግሌ ሊላክ ነው ሲሉ ሰማሁ፣ ልጅቷ ገና 15 አመቷ ነው። ለመስቀል አገር ስገባ ላስጨርሰው ወይስ?

መልስ (መምህር)፦
እህቴ መስቀልን አትጠብቂ፣ ምዝገባው ያልፋል። ካርዷንና መሸኛዋን አሁኑኑ ታውጣ። 9ኛና 10ኛ ከ1986ቱ ፖሊሲ ጀምሮ በመንግስት ት/ቤት ነፃ ነው፣ መዋጮ ከጠየቋችሁና ካቃታችሁ ዳይሬክተሩን አናግሩ። ግን አባትሽ ልክ ናቸው። መስከረም ላይ ክፍሌ በሴት ልጆች ይሞላል፣ ጥር ሰርግ ሲመጣ ወንበሩ ባዶ ይሆናል፣ በየአመቱ የማየው ይሄንን ነው። ጋና በ2017 (እ.ኤ.አ.) ሃይስኩልን ነፃ ስታደርግ ማደሪያውንና ምግቡንም ጨምራለች፣ እኛ ጋ የጎደለው እሱ ነው።

መልስ (ተከራይቼ የተማርኩ)፦
ውዴ እኛ አራት ሴቶች አንድ ክፍል ነበርን፣ ኪራዩ ለአራት ሲካፈል ይቀላል። ብቻዋን እንዳትከራይ! ከዛው ቀበሌ የሚያልፉትን ልጆች ወላጆች አሰባስቢ፣ አከራይዋ እናት ትሁን እዛው ግቢ የምትኖር፣ በሩ ከውስጥ የሚቆለፍ። ስንቅ በገበያ ቀን ይላክ፣ ቆጮ ቶሎ አይበላሽም፣ ሽሮና በርበሬም። ሞዴስ በጀቱ ውስጥ አስገቢ እባክሽ፣ እኔ በሱ ምክንያት በየወሩ ሶስት አራት ቀን እቀር ነበር ሂሳብ ያመለጠኝም እዛ ጋ ነው።

መልስ (ከጅዳ)፦
እኔ 8ኛን ጨርሼ ስንቅ የሚያቀብለኝ ጠፍቶ ነው አረብ አገር የመጣሁት፣ አሁን የእህቴን ኪራይ የምከፍለው እኔ ነኝ። በየወሩ ለአከራይዋ በቀጥታ በቴሌብር ላኪ፣ አባትሽንም ቀድመሽ አማክሪያቸው እንዳይከፋቸው።

መልስ (ወንድምሽ)፦
ሽማግሌውን ዝም አትበይ። ከ18 አመት በታች ጋብቻ ክልክል ነው፣ በ1997ቱ የወንጀል ህግ 15 አመት ልጅ ያገባ ሰው እስከ ሶስት አመት ይታሰራል። ወረዳው ሴቶችና ህፃናት ጽ/ቤት አመልክቺ።

መልስ (መምህር)፦
ህጉ ልክ ነው ወንድሜ፣ ግን ክስ ከተጀመረ አባትየው እልህ ይገባሉ፣ እሷም ከቤት ስንቅ አታገኝም። መጀመሪያ የንስሐ አባታቸውና አጎቷ ይናገሩ፣ እምቢ ካሉ ጽ/ቤቱ አለ።

ጠያቂዋ፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ ሁላችሁም። ለአጎቴ ደወልኩ፣ የሱም ልጅ አልፋለች ለካ! ለሁለቱ አንድ ላይ ቤት እንከራይላቸዋለን፣ ሁለት ልጅ ደሞ እየፈለግን ነው። ከአሰሪዬ የሶስት ቀን ፈቃድ ወስጃለሁ፣ ሀሙስ እገባለሁ።