ከቆዳ ፋብሪካ ለቅቄ በግሌ ማማከር እፈልጋለሁ፤ ከምን ልጀምር?

ጠያቂ (ሞጆ)፦ ሰላም ለሁላችሁ። ኬሚስት ነኝ፤ በቆዳ ፋብሪካ ላብራቶሪና ፍሳሽ ማጣሪያ ላይ ለዓመታት ሠርቻለሁ። አሁን በግሌ ላማክር አስቤያለሁ። ለመሣሪያ መግዣ ልበደር? ኩባንያ ማቋቋምስ ግዴታ ነው? የሠራችሁበት እባካችሁ ምከሩኝ።

የላብራቶሪ ባለሙያዋ፦ ወንድሜ፣ ብድር ውስጥ እንዳትገባ። ምርመራውን ከፍለህ አሠራ፣ ወጪውን ከደንበኛው ጋር በውል ተስማማ። ክርክር ሲነሳ የሚያዋጣህ በአይኤስኦ 17025 (ዓለም አቀፍ የላብራቶሪ ብቃት ደረጃ) ዕውቅና ካለው ላብራቶሪ የወጣ ውጤት ነው። ዕውቅናው የሚሰጠው በየምርመራው ዓይነት ስለሆነ፣ ክሮሚየም (ክሮም፣ ቆዳ የሚለፋበት ብረት) በዝርዝራቸው ውስጥ መኖሩን አስቀድመህ ጠይቅ። ናሙና መውሰዱን ግን ራስህ ያዘው። የቢኦዲ (ረቂቅ ተሕዋስያን ብክለቱን ሲያፈርሱ የሚፈጁት ኦክስጅን) ናሙና ወደ 4 ዲግሪ ሴልሺየስ ቀዝቅዞ ምርመራው በ48 ሰዓት ውስጥ መጀመር አለበት፤ የሲኦዲው (ብክለቱን በኬሚካል ለማቃጠል የሚያስፈልገው ኦክስጅን) ናሙና ደግሞ በሰልፈሪክ አሲድ ፒኤቹ (የአሲድነት መለኪያው) ከ2 በታች ይወርዳል። በአንድ ጠርሙስ ሁሉንም አስመረምራለሁ ካልክ ውጤቱ ይበላሻል፤ ስምህም አብሮ።

የሂሳብ ባለሙያ፦ ኩባንያ ግዴታ አይደለም፣ በግል ነጋዴነትም ፈቃድ ይወጣል። ግን ዕዳ ቢመጣ የግል ንብረትህን ይነካል። በ2013 የወጣው የንግድ ሕግ (አዋጅ ቁጥር 1243) ባለ አንድ አባል ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር ስለፈቀደ ሸሪክ ፍለጋ አትድከም። ዘርፍህ የሙያ ብቃት ማረጋገጫ ይጠይቅ እንደሆነ ንግድ ቢሮ ሄደህ አጣራ። ድርጅቶች ሲከፍሉህ ቅድመ ግብር ይቆርጣሉ፤ ደረሰኙን ጠብቀው፣ ዓመቱ ሲዘጋ ከግብርህ ይቀነስልሃል።

ጠያቂ፦ እግዜር ይስጥልኝ። ዋጋውንስ እንዴት ልተምን? ደንበኛስ ከየት ይመጣል?

የፍሳሽ ማጣሪያ መሐንዲስ፦ ችግሩን ማጥናቱን ብቻ በቁርጥ ዋጋ ተዋዋል፣ ግማሹን ቅድሚያ ተቀበል። መፍትሔውን መሥራት ሌላ ውል ነው። «የኬሚስትሪ አማካሪ» ብለህ አትዙር፤ አንድ ሥራ ይዘህ ግባ። አንተ ባለህበት ክሮም ማስመለስ ትልቅ ሥራ ነው፦ የክሮም ፍሳሹን ለብቻው ለይተህ ፒኤቹን ወደ 8.5 ከፍ ስታደርገው ክሮሙ ይዘቅጣል፣ በሰልፈሪክ አሲድ ሟሙቶ እንደገና ቆዳ ያለፋል። ፋብሪካው የሚያተርፈውን በብር አስልተህ ሥራ አስኪያጁ ፊት አስቀምጥ። አደራ፣ አሲዳማው የክሮም ፍሳሽ ፀጉር ሲነቀል ከሚወጣው የሰልፋይድ ፍሳሽ ጋር እንዳይገናኝ፤ የሚወጣው ጋዝ ሰው ይገድላል።

የላብራቶሪ ባለሙያዋ፦ አንድ ነገር ልጨምር፦ ከቀድሞ ፋብሪካህ ፎርሙላም ሆነ መዝገብ ይዘህ አትውጣ። ከመልቀቅህ በፊት የቅጥር ውልህ ላይ ስለ ምስጢር አጠባበቅ የተጻፈውን በደንብ አንብበው።